ሦስቱ የሰሌን ቤቶች

አስናቀ የሞተው በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ሆኖ ሲኖር፣ ወባ በየዓመቱ ትጥለውና ጥቂት አንገላታ ትለቀው ነበር። በዚያ ዓመት ጣለችው፤ አለቀቀችውም። ሚስቱ የዓለምወርቅ አርባውን እንዳወጣች ከባቡር ኩባንያው ጽሕፈት ቤት አንድ ጸሐፊ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ፣ ቤቱ ለተተካው አለቃ እንደሚያስፈልግ ነገራት። ክፉ ሰው አልነበረም። እስከ ፋሲካ መቆየት ትችላለች አላት።

የዓለምወርቅ ያን ጊዜ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ልጅ አልወለደችም። ትውልዷ ቡልጋ ቢሆንም ከወጣች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሄዳ የምታንኳኳው በር የላትም። የምታውቀው ጣቢያውን፣ የጣቢያውን ሰዎችና ከከተማው በታች፣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኘውን የወንዝ ዳር ነው። እዚያ ገደሉ ያልቅና አዋሽ ሜዳ ላይ ይወጣል። ትልልቅ የሮቃ ዛፎች ስላሉበት የጣቢያ ሰው ቦታውን ሮቃ ብሎ ይጠራዋል። እሷና አስናቀ እሑድ እሑድ ምሳ ቋጥረው ይወርዱ ነበር።

በዚያ ዓመት የጥምቀት ሰሞን የጣቢያው ትምህርት ቤት መምህር እህት ከአዲስ አበባ አራት ልጆች ይዛ መጣች። መምህሩ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ የዓለምወርቅ ተቀብላ አሳደረቻቸው፤ በማግሥቱም ሮቃ ይዛቸው ወረደች። ልጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ጦጣ ሲያባርሩ፣ አሸዋ ሲቆፍሩ ዋሉ። እናትየው ዛፉ ሥር ጋደም ብላ፣

«አዲስ አበባ ልጅ የማሳድገው አጥር ውስጥ ነው» አለች። «እዚህ ሦስት ቀን የሚታደርበት ቤት ቢኖር፣ ባለቤቴን ተጣልቼም ቢሆን እመጣ ነበር።»

ሴትዮዋ ይህን ብላ ረሳችው። የዓለምወርቅ ግን ይዛው ተመለሰች። ሳምንት አሰበችበት። ከዚያ የአስናቀን የአገልግሎት ክፍያና የአንገቷን ወርቅ ይዛ ወረዳ ግዛት ሄደች፤ ሦስት ወር ተመላልሳ የወንዙን ዳር የምትይዝበት ወረቀት አገኘች።

ወረቀቱን መጀመሪያ ያሳየችው ለሐዋ ነው። ሐዋ ለዓመታት ወደ ጣቢያው ወተት ስታመጣ የኖረች፣ ከእሷ ጥቂት የምታንስ የአፋር ሴት ናት። አማርኛውን ከጣቢያ ሰው ለምዳዋለች፤ ቃል አትፈጅም። ወረቀቱን ገልብጣ አየችውና መለሰችላት።

«ይሄ የመንግሥት ነው። የሮቃ ሰው ደግሞ አባቴ ነው። ነይ እሱ ጋ።»

አባቷ ሐሰን የጎሣው ሽማግሌ ነው። ሰባውን ያለፈ፣ ቀጥ ያለ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚሄድ ሰው ነበር። የዓለምወርቅ የመጣችበትን ወዲያው ልትነግረው ስትል ሐዋ እጇን ያዘቻት። አፋር ሲገናኝ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ በመንገድ ምን እንዳየና ምን እንደሰማ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ አንድ ሳያስቀር ይናገራል። የዓለምወርቅም ተቀምጣ የጣቢያውን ወሬ፣ የባሏን ሞት፣ የጸሐፊውን ቃል ሁሉ ተናገረች፤ ሐዋ አስተረጎመች። ሽማግሌው ሳያቋርጥ ሰማና እንዲህ አለ፦

«ቤቱን ሥሪ። በሁለቱ ትልልቅ ሮቃዎች መሐል ግን ከብቶቻችን ወደ ውኃ የሚወርዱበት መንገድ አለ። አያቴም በዚያ ነው ያወረደው። እሱን አትዝጊ።»

«አልዘጋም።»

«ምስክርሽ ማነው?»

«እግዚአብሔር።»

«የኔም እሱ ነው» አለና ተነሣ።

የዓለምወርቅ ያሰበችው አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሐዋ ሰምታ ሳቀች። «በግንቦት እንግዶችሽን ልትጠብሺ ነው?» አለቻት። ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ። ከሥር እስከ ወገብ የድንጋይ ግድግዳ ቆመ፤ እሱን ከጣቢያው የመጣ ግንበኛ ሠራው። ከዚያ በላይ ያለውን ሐዋና ሁለት እህቶቿ ሠሩ። በአፋር ዘንድ ቤት የሚሠራው የሴት እጅ ነው። ረጃጅም ቀጫጭን እንጨቶችን ውኃ አጠጥተው አጎበጡ፣ ጫፍ ለጫፍ በልጥ አሰሩ፣ ከዘንባባ ቅጠል የተታታ ሰሌን ደራርበው አለበሱት። ሰሌኑ ብቻ አራት ወር ፈጀ። የዓለምወርቅም አብራቸው ስትታታ መዳፏ ተላልጦ ቆስሎ፣ ደርቆ፣ ጠንክሮ የሐዋን መዳፍ መሰለ። ቀን ንፋሱ በሰሌኑ ቀዳዳ ይገባል፤ ዝናብ ሲመታው ሰሌኑ ያብጥና ጠብታ አያሳልፍም።

ሦስት ቤት ሆነ። በየቤቱ ሁለት የጠፍር አልጋ፣ አጎበርና የውኃ እንስራ ገባ። ልጆች የሚታጠቡበትን የወንዙን ጥግ አዞ እንዳይገባበት በግንድና በእሾህ አጠሩት። ሁለቱ ቤቶች ከመንገዱ በስተቀኝ፣ አንዱ በስተግራ ሲሆኑ የከብቱ መንገድ በመሐላቸው ሰፊ ሆኖ ቀረ።

በጥር 1962 የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በባቡር መጡ፤ ጓዛቸውን አህያ ጭኖ አወረደው። ያቺ የመምህሩ እህት ናት፤ ባሏንም ይዛ መጥታለች፣ አልተጣሉም። ከዚያ በኋላ ወሬው በአዲስ አበባ ከቤት ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ተዛመተ። ጥቅምት ሲገባ ይጀምሩና እስከ የካቲት ቤቱ ባዶ አያድርም። ሐዋ ወተት ታቀርባለች፤ ከሚገኘውም እኩል ትካፈላለች። ሐሰን በሦስት ቀን አንዴ ከብቱን እየነዳ በቤቶቹ መሐል ሲያልፍ የከተማ ልጆች ግራና ቀኝ ተደርድረው ይጠብቁታል። በትሩን አንሥቶ ሰላም ይላቸዋል። የዓለምወርቅ ያን ጊዜ ከዛፉ ሥር ቆማ ስታያቸው፣ አስናቀ ከሞተ ወዲህ ልቧ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር።

ከእንግዶቿ ሁሉ ዋነኛው አቶ ውባየሁ ነው። በአንድ ሚኒስቴር የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ በየዓመቱ ለገና ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ወዳጆቹንም ይልካል። ከእንግዶቿ ግማሹን እሱ ነው ያመጣላት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1964 ሱጉም የሚሉት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከረማ የሚሉት ክረምቱም ሁለት ቀን አካፍቶ ቆመ። ድርቅ ለአፋር አዲስ ነገር አይደለም፤ ሣሩ ሲያልቅ ከብቱን ወደ ወንዙ ማቅረብ ነው። በዚያ ዓመት ግን ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ የጥጥ እርሻ ነበር። እርሻው ከሮቃ በታች ጀምሮ እስከ ዓይን ማድረሻ ግራና ቀኙን ይዟል፤ ቦይ ቆፍሯል፣ ዘበኛ አቁሟል። ከሮቃ በላይ ደግሞ ገደል ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ወደ ውኃ የሚያወርድ መንገድ በየዓለምወርቅ ቤቶች መሐል ያለው ብቻ ሆነ። የሐሰን ከብት ብቻ ይወርድበት በነበረው የስምንት ጎሣ ከብት ይወርድበት ጀመር። ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ ነው። የደከመ በሬ መንገድ ላይ ወድቆ ይሞታል፤ ሳይጎትቱት ይሸታል። በኅዳር የመጣ አንድ ቤተሰብ በሁለተኛው ቀን ሻንጣውን ዘግቶ ተመለሰ። ሐዋ በዚያው ሰሞን ከባሏ ዘመዶች ጋር ግጦሽ ፍለጋ ወደ ገዋኔ ሄደች።

ሐዋ በሄደች በሳምንቱ የአቶ ውባየሁ ደብዳቤ ደረሰ። ለገና ሦስት ቤተሰብ ሆነው፣ አሥራ ሁለት ልጆች ይዘው ሊመጡ አስበዋል። ነገር ግን ስለ ከብቱ ሰምተዋል፤ ልጆቹ እንዳይረገጡ ሴቶቹ ፈርተዋል። መንገዱ ለእነዚያ አራት ቀናት እንኳ የሚዘጋበት ዘዴ ከሌለ ወደ ሶደሬ ለመሄድ ይገደዳሉ። ደብዳቤው ትሕትና የተሞላ ነበር። የዓለምወርቅ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

አቶ ውባየሁ ከእርሻው ጋር ተነጋግሮ ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን የእርሻው ሥራ አስኪያጅ በላንድሮቨር መጣ። ሽቦና ዘበኛ በነፃ እንደሚሰጣት ነገራት።

«ከብቶቹስ?» አለች የዓለምወርቅ።

«ለአራት ቀን ከቦያችን ጫፍ እናጠጣቸዋለን። ለዘበኞቼ አዛለሁ።»

«ይህን ቃል ሰጡኝ ማለት ነው?»

«ሰጠሁሽ» አለ ሰውየው ሰዓቱን እያየ።

የቦዩ ጫፍ ከሮቃ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሄዳ ማየት ትችል ነበር፤ አልሄደችም። አራት ቀን ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ሐዋ ብትኖር ምን ትል እንደነበር ታውቃለች፤ ስለዚህም ሐዋ ባለመኖሯ ደስ እንዳላት ተሰማትና ያንን ስሜት ገፋ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። በታኅሣሥ ሃያ ሰባት በሁለቱ ሮቃዎች መሐል የእሾህ ሽቦ ተወጠረ።

እንግዶቹ መጡ፤ ገናም በሰላም ዋለ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ሁሉም ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ እሷ የበጉን ጥብስ እያቀረበች ሳለ ከሽቦው ማዶ አቧራ ተነሣ። ዘበኛው መጥቶ በጆሮዋ ነገራት።

«አንድ ሽማግሌ ከብት ይዞ ቆሟል። የቤቱን ባለቤት ጥራልኝ ይላል።»

ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። በዛፎቹ መሐል በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ የቆመ ሰው ይታያታል። ከብቶቹ ሰላሳ ያህል ናቸው፤ አንዳቸውም አይጮኹም። የውባየሁ ትንሿ ሴት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ዳቦ እየጠየቀቻት ነበር። የዓለምወርቅ ሳህኑን አላስቀመጠችም።

«ቦዩ ጋ ይሂዱ በላቸው» አለች ለዘበኛው። «ከነገ ወዲያ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ይምጡ በላቸው።»

ዘበኛው ሄደ። ሽማግሌው ጥቂት ቆየና ከብቶቹን መለሰ። የዓለምወርቅ ለልጅቷ ዳቦ ቆረሰችላት።

በነጋታው ረፋድ ላይ ይልማ ከጣቢያው በእግሩ መጣ። ይልማ የአስናቀ የሥራ ባልደረባ የነበረ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። ከእንግዶቹ ለይቷት ወሰዳትና ድንጋይ ላይ አስቀመጣት።

«ሐሰን ሞቷል» አላት።

ይልማ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከባቡሩ ድልድይ ላይ ብሎን ሲያጠብቅ አወዳደቁን አይቷል፤ የቀረውን ከቀባሪዎቹ ሰምቷል። ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ቦዩ ሄዶ ኖሯል፤ ዘበኞቹ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልደረሰንም ብለው መለሱት። ከብቶቹ ውኃ ካዩ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። ወደ ገደሉ ነዳቸው። ከድልድዩ በታች ፍየል የሚወርድበት ቀጭን መንገድ አለ፤ ከብት ወርዶበት አያውቅም። ሽማግሌው አንድ በአንድ ሊያወርዳቸው ፊት ፊት ሆኖ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ የውኃው ሽታ መጣ፤ ከኋላ ያሉት ገፉ። ይልማ ጮኾ ነበር፤ ድምፁ የሚደርስ አልሆነም።

«ከአሥራ አንድ ከብት ጋር ነው የወደቀው» አለ። «ማታውኑ ቀብረነዋል። እኔም ነበርኩ። እዚህ መጥቶ ነበር ወይ?»

«መጥቶ ነበር» አለች የዓለምወርቅ። «አስጠርቶኝ ነበር። አልሄድኩለትም።»

አላለቀሰችም። ተነሥታ ወደ ቤቷ ገባች፤ ከአስናቀ ዕቃ ውስጥ ትልቁን ፒንሳ ይዛ ወጣች። ዘበኛው «የአለቃዬ ንብረት ነው» ብሎ ፊቷ ቆመ። ዞራው አለፈች። ሽቦውን ከላይኛው ረድፍ ጀምራ መቁረጥ ጀመረች። አቶ ውባየሁ ፎጣ ትከሻው ላይ እንዳደረገ መጣ።

«ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ምን ሆኑ? ቢያንስ እስከ ነገ ቢታገሡን…»

«ሰው ገደልኩ» አለችው፤ ፊቷን ሳትመልስ። «የዚህን አገር ሽማግሌ።»

አቶ ውባየሁ ሌላም ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «ተው፣ ውባየሁ» አለችው። ልጆቹን ሰብስባ ልብስ ታለብስ ጀመር። ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለቱም ልጆች በእርሻው ካሚዮን ተጭነው ወደ ጣቢያ ሄዱ።

ከብቱ በማግሥቱ መጣ፤ ከከብቱም ጋር ሰው መጣ። መሄድ ያቃታቸው ሽማግሌዎች፣ ጡት የደረቀባቸው እናቶች፣ ዓይናቸው የጎደጎደ ሕፃናት ነበሩ። የዓለምወርቅ ሦስቱንም ቤት ከፈተችላቸው። ለእንግዶች ያስቀመጠችውን ዱቄት አጥሚት እያደረገች አጠጣች። ሁለት ሕፃናትና አንዲት አሮጊት አልጋው ላይ ሞቱባት፤ የተረፉት ይበዛሉ።

ሐዋ በስምንተኛው ቀን ከገዋኔ በጭነት መኪና መጣች። ዳጉው መንገድ ላይ አግኝቷታል፤ ማን እንደጠራ፣ ማን እንዳልመጣ፣ ዘበኛው ምን ብሎ እንደመለሰ ሁሉ ደርሷታል። የዓለምወርቅ ከሩቅ ስታያት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መንገዱ ላይ ወጣች፤ እግሯ ላይ ልትወድቅ ጉልበቷን ስታጥፍ ሐዋ ባጠገቧ አለፈች። ሄዳ ሁለቱ ሮቃዎች መሐል ቆመች። የተቆረጠው ሽቦ ዳር ላይ ተጠቅልሎ ተጥሏል። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በስተግራ ወዳለው ቤት ገባች፤ የተኙትን ሰዎች አየች፤ የአንዱን ሕፃን ግንባር ዳሰሰች።

ሦስት ቀን አብረው ሠሩ፤ ውኃ ቀዱ፣ አጥሚት አማሰሉ። ሐዋ አንድ ቃል አልተናገረቻትም። የዓለምወርቅም ቃል አልጠበቀችም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ የሐዋ እህቶች ስድስት ግመል እየሳቡ መጡ። ሰዎቹ እርጥበት ወደ ታየበት፣ ወደ ምሥራቅ ሊነሡ ነው፤ ለደካሞቹ መጠለያ ያስፈልጋል። ሐዋ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ወጥታ ቆመችና የቤቱን እስር መፍታት ጀመረች። አራት ወር የታታችው ሰሌን ነው። የዓለምወርቅ ከታች ቆማ ታያለች።

«የአባቴ ሐዘን የኔ ነው» አለች ሐዋ ከላይ ሆና። ድምፅዋ ከብዙ ቀን እንቅልፍ ማጣት የተነሣ ሻክሯል። «ስለሱ አታናግሪኝ። አንቺን ምን እንደምልሽ እስካሁን አላወቅሁም። ይህን ሰሌን ግን አብረን ነው የሠራነው። ገመዱን ያዢልኝ።»

የዓለምወርቅ ገመዱን ያዘች። እስከ ቀትር ሦስቱንም ቤት ፈትተው በግመል ጫኑ። የጠፍር አልጋዎቹንም፣ አጎበሮቹንም ጨመረች። ሰዎቹ ሲሄዱ እሷም እስከ አስፋልቱ ድረስ አንዲት ዓይኗ የጠፋ አሮጊት እጇን ይዛ እየመራች ሸኘቻቸው። ከዚያ ብቻዋን ወደ ከተማው ዞረች።

ሮቃ ተመልሳ አልኖረችም። በጣቢያው ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይታ ለመንገደኛ ዳቦ ትጋግር ጀመር። ወረዳ ግዛት ሄዳ ወረቀቱን ልትመልስ ብትል፣ መመለሻ ደንብ የለም አሏት። እርሻው የወንዙን ዳር እንድታስረክበው ሁለት ጊዜ ሰው ላከባት፤ ወረቀቱ በስሟ ስለሆነ እንቢ አለች። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሲመጣ፣

«እርስዎ የሰጡኝን ቃል አልጠበቁም፤ እኔም የሰጠሁትን አልጠበቅሁም» አለችው። «ከእንግዲህ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ እዚያ መሬት ላይ ሽቦ አይወጠርም።»

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። መንገዱ ክፍት ሆኖ ቀረ።

በ1965 ክረምት ዝናቡ ዘንቦ ሣር ታየ። በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት የዓለምወርቅ ከምድጃዋ ቀና ስትል ሐዋ የወተት ቅሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል። የዓለምወርቅ ዱቄቱን ከእጇ አራግፋ መቀመጫ አቀረበችላት። ሐዋ ተቀመጠችና ዳጉዋን ጀመረች፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ስንት ከብት እንደተረፈ፣ እህቷ መውለዷን፣ ያቺ ዓይኗ የጠፋው አሮጊት በሰኔ መሞቷን ነገረቻት። አባቷን አላነሣችም። ስትጨርስ ወደ እሷ ዞረች።

ተራው የየዓለምወርቅ ነበር። ከዚያች ከገና ማግሥት ጀመረች፤ ሳህኑን፣ ልጅቷን፣ ዘበኛው በጆሮዋ የነገራትን፣ እሷ የመለሰችውን፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ሐዋ ሳታቋርጥ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ሰማሁ» አለች።

ከዚያ ቅሉን ወደ እሷ ገፋ አድርጋ፣ «ወተቱ ሳይረጋ ገልብጭልኝ» አለቻት።